ለክቡር ነጠብጣቡ መስመር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ መጪውን ዘመን ያለ ውክልና ስለመያዝዎ ቅሬታ ማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

በግራፍ ላይ ዳታው ካለቀበት ተነሥተው መጪውን የሚተነብዩት መስመር እርስዎ ነዎትና፣ ትናንት በስብሰባው ላይ ስላሳዩት ሞገስ እጅ እንነሳለን። የነበረው አራት ነጥብ ነው፦ በአራት ወር 1,000፣ 2,000፣ 4,000፣ 8,000 ተጠቃሚ። እርስዎ ከመጨረሻዋ ነጥብ ተነሥተው እስከ ስላይዱ ቀኝ ጥግ ሽቅብ ወጡ፤ ቤቱ አጨበጨበ። በየወሩ እጥፍ እየሆነ ከሄደ በ24ኛው ወር 8.4 ቢሊዮን ይሆናል። የዓለም ሕዝብ ራሱ ከ8 ቢሊዮን ያለፈው በትንሹ ነውና፣ አራስ ልጅ ሳይቀር ተመዝግቦ አልቋል ማለት ነው። «የ25ኛው ወር ተጠቃሚ ከየት ይመጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ አቅራቢው ፈገግ አለና «እኛ አይደለንም፣ ዳታው ነው የሚለው» ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። ጥያቄው ቃለ ጉባኤው ላይ «አፍራሽ አስተያየት» ተብሎ ሰፈረ።

ዳታው እኮ አራተኛው ወር ላይ ዝም ብሏል። ከዚያ ወዲህ የሚለፈልፉት እርስዎ ነዎት።

«አር ስኩዌር 1 ነው»፣ ማለትም መስመሩ ከነጥቦቹ ጋር ፍጹም ገጥሟል፣ ተብሎም እንደ ዲፕሎማ ተለጠፈልዎ። በእነዚያው አራት ነጥቦች ላይ ሦስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል (እስከ ኩብ የሚደርስ ቀመር) ቢሰመር እሱም 1 ያወጣል፤ አራት ኮፊሸንት (እንደ ልብ የሚስተካከል ቁጥር) ስላለው አራት ነጥብን የግድ ይነካል። በ24ኛው ወር ግን የሚያደርሰው 2,048,000 ላይ ነው። ያው ነጥብ፣ ያው 1፤ አንዱ ሁለት ሚሊዮን፣ ሌላው ስምንት ቢሊዮን! ጣሪያ ያለው ኤስ ቅርጽ ኩርባም መጀመሪያው ላይ ከእርስዎ አይለይም፤ መታጠፉ የሚታየው ገበያው መሙላት ሲጀምር ነው። ከአራቱ ወር በፊት የነበሩትን ወራት ማን እንደቆረጣቸው ደግሞ አንጠይቅም፣ ጨዋዎች ነን።

የቆየውንም ብናነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ኔቸር መጽሔት ላይ የኦሊምፒክ የ100 ሜትር ሰዓቶችን ይዘው ሴቶች በ2156 ወንዶችን ይቀድማሉ ብለው ነበር። በዚያው ስሌት ከቀጠሉ በ2636 ገደማ ሯጯ ከዜሮ ሴኮንድ በታች ትገባለች፤ ተኩሱ ሳይሰማ። «የቤት ዋጋ በአገር ደረጃ ወድቆ አያውቅም» ያሉበትንም በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ የተመቱት የአሜሪካ ባንኮች ያስታውሳሉ።

በአንተ ተማምኖ ሰው ይበደራል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ መጋዘን ይሞላል። የተቀጠረው ሲባረር፣ ዕዳው ሲጠራ አንተ የለህም! አዲስ ስላይድ ላይ፣ አዲስ መነሻ ወር ተመርጦልህ፣ እንደገና ሽቅብ ትወጣለህ። የሚጠይቅህም የለም።

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠን።

ትንሽ ልመና አለን። ሲመጡ የመጨረሻውን ሲሶ ዳታ ሸፍነው በቀረው ብቻ ይሰመሩ፤ ከዚያ ይገለጥና ምን ያህል እንደሳቱ እንይ። መነሻውን በአንድ ወር ገፋ ሲያደርጉት መድረሻዎ ከተገለበጠ ቀድመው ይንገሩን። ሰው በምን ምክንያት እንደሚጨምር፣ በጠቅላላው ስንት ሰው እንዳለም አጠገብዎ ይጻፍ። ያለው አራት ነጥብ ብቻ ከሆነ የሚሸፈንም አይኖርምና ቤትዎ ይዋሉ።

ከሰላምታ ጋር
አፍራሾቹ

ግልባጭ፦
ለኤክስል፤ በትሬንድላይኑ (በነጠብጣቡ መስመር) «ወደፊት» በሚለው ሳጥን ውስጥ 20 ብሎ የሞላው ሰው እንጂ ዳታው እንዳልነበር እንዲመሰክር።