ታፔላው ጀሞ ይላል!

አሁን ገና ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ከሥራ የወጣሁት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። ከሜክሲኮ ጀሞ! ክፍለ ሀገር የሄድኩ አይደለም እኮ!

ለአዲሱ ሥራ እንኳን ደስ አለሽ ያላችሁኝ ሁሉ ተባረኩ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ሰዎቹም ደህና ናቸው። መመለሱ ነው ጉድ ያፈላብኝ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጀምሮ ሆዴ ይጨነቃል። ፊቴ ያለው ወረቀት ላይ ሆኜ ሐሳቤ የታክሲው ሰልፍ ጋ ነው።

ሰልፉን ታውቁታላችሁ። ጭራው የት እንደሆነ ለማግኘት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። የጀሞው ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፣ “ይሄ የየት ነው?” እያላችሁ ትዞራላችሁ። ዛሬ ደግሞ ዝናቡ ወረደ። ሁላችንም የባቡሩ ድልድይ ሥር ተጠጋን፣ ሰልፉም ፈረሰ። ይሄ ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ቃሊቲ ይሄዳል፣ አያት ይሄዳል፣ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ጀሞ አይሄድም። ያ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶ ሕዝብ ሲገባበት፣ ይሄ ሰው ማታ በምን ይመለሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም?

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ሚኒባስ መጣ። ሰልፉ ጋ አልቆመም፤ አለፍ ብሎ ቆመ። ረዳቱ “ጀርመን! ጀርመን ብቻ!” ይላል። ታፔላው ላይ በትልቁ “ሜክሲኮ - ጀሞ” ተጽፏል። ጨዋታው ይሄ ነው። ጀርመን አደባባይ ላይ ያራግፉናል፣ ከዚያ እዚያው ቆመው “ጀሞ ጀሞ” ብለው እኛኑ መልሰው ይጭኑናል። መንገዱ አንድ፣ መኪናው አንድ፣ ሒሳቡ ሁለት።

ተጋፍቼ ገባሁ። ለሦስት በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ፣ ግማሽ ገላዬ አየር ላይ። ሳር ቤትን እንዳለፍን ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ። ብሮቹን በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መሀል ሰክቷቸዋል።

“ጀሞ ነኝ” አልኩት።

“ጀርመን ነው ያልኩት። አልሰማሽም?”

“ታፔላህ ጀሞ ይላል እኮ።”

ከላይ እስከ ታች አየኝ። የመሥሪያ ቤት ባጄ አንገቴ ላይ ነበር። ከዚያ መኪናው በሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ “እህት፣ ባጅ ያንጠለጠለ ሁሉ አለቃ አይደለም! ታፔላ ማንበብ ከፈለግሽ እዚያው ቢሮሽ አንብቢ። ካልተመቸሽ ኮንትራት ያዢ!”

ሳቁ! ከኋላ ያሉት ሳቁ! አብረውኝ ዝናብ ሲመታቸው የነበሩት፣ አብረውኝ እጥፍ የሚከፍሉት ሰዎች! አንድ ደልደል ብለው የተቀመጡ እናት ብቻ፣ “ልጄ ምን አጠፋች? እውነቷን እኮ ነው” አሉ። እድሜ ይስጣቸው። አጠገቤ ያለው ጎልማሳ ደግሞ “ተይው እህቴ፣ ለዚች ብር ብለሽ” አለኝ። ከረዳቱ በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ለምንድን ነው የምተወው? ጠዋትም ተይው፣ ማታም ተይው። ባለፈው ሌላው “ዝርዝር የለኝም” ብሎ መልሴን ይዞ ሲሄድም ተይው ብለውኛል። የመጀመሪያ ደሞዜን ገና አልተቀበልኩም፣ ተበድሬ ነው የምሳፈረው። ለእኔ “ይቺ ብር” አይደለችም!

ጀርመን ስንደርስ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። ዓይኑ እያየ ነው የምንራገፈው። ተራ አስከባሪው ከእያንዳንዱ ታክሲ ገንዘቡን ይቀበላል። ታፔላውን አሳየሁት። “ከሹፌሩ ጋር ተነጋገሩ” ብሎ ዞረ። እና አንተ የምታስከብረው የማንን ተራ ነው?

ሹፌሮቹ ነዳጅ ለመቅዳት ስንሰለፍ ውለን ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ማደያ ላይ ያለውን ሰልፍ አያለሁ። ግን ነዳጁን የደበቅኩት እኔ ነኝ? የእነሱ ችግር ሁሉ እኔ ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው። ጠዋት ደግሞ አርፍጄ ስገባ አለቃዬ ሰዓቷን ታያለች። ምንም አትልም፣ ሰዓቷን ብቻ ታያለች። በ11 ሰዓት ሌሊት መነሳት ቀርቶኝ ነበር፣ እሱንም ልጀምር ነው መሰለኝ።

ደክሞኛል። እውነቴን ነው፣ እራት ማሞቅ እንኳ አቅቶኛል።

ግን አልተወውም። ታርጋውን ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ኮድ 1 ነው፣ ታፔላውም አብሮ ይታያል። ነገ በምሳ ሰዓት ጥቆማ አስገባለሁ። የት እንደሚገባ፣ ማን ጋ እንደሚደወል የምታውቁ ንገሩኝ። “ምን ያመጣል ብለሽ ነው” ልትሉኝ የፈለጋችሁ ግን እባካችሁ ዛሬ አትጻፉልኝ።