ቁጥሩ የተወሰነ አሻንጉሊት ፊቱ አይነካ

በውስን ቁጥር ተመርቶ ዳግም የማይመረት አሻንጉሊት የገዛ ሰው የአሻንጉሊቱን ፊት አጥቦ ሌላ መልክ ሊቀባው፣ ፀጉሩን ነቅሎ ሌላ ሊተክልለት፣ አካሉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቅርጹን ሊለውጠው ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ለብዙ አንባቢ ከእኛ ኑሮ የራቀ የቅንጦት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ጥያቄው እዚሁ ጎንደር በልብስ ሰፊዎቻችንና በሹሩባ ሠሪዎቻችን እጅ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፤ ከዚያም አልፎ ከከተማችን አጠገብ ባለችው በወለቃ መንደር የሸክላ ምስሎች ላይ እኛው ራሳችን ስናደርገው የኖርነው ነገር ስለሆነ አቋሜን በግልጽ ለመጻፍ ወስኛለሁ። የገዢው የባለቤትነት መብት የሚካድ አይደለም። ሊተካ በማይችል ዕቃ ላይ ሊመለስ የማይችል ለውጥ ማድረግ ግን፣ መብት ቢኖርም፣ ተገቢ አይደለም እላለሁ።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነኝ ለጥምቀት በዓል ከአሜሪካ የመጣች የአጎቴ ልጅ ይዛው የመጣችው ሐሳብ ነው። ባይረን ላርስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የልብስ ንድፍ አውጪ «የአፍሪካ ሀብቶች» በሚል መጠሪያ ባርቢ የተባሉትን አሻንጉሊቶች ለሚያመርተው ለማቴል ኩባንያ የነደፋቸው አምስት ባርቢዎች አሉ፤ ስማቸው በስዋሂሊ ከአንድ እስከ አምስት ያለው ቁጥር ነው። የመጀመሪያዋ ሞጃ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በውስን ቁጥር የወጣች ስትሆን ዛሬ የምትገኘው ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ስትተላለፍ ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ ይህችን አሻንጉሊት ለዓመታት ከነማሸጊያዋ ስታስቀምጣት ኖራ አሁን የጎንደር ሙሽራ ልታደርጋት ተነሥታለች። ልብሷንና ጌጧን አውልቃ ጥልፍ ቀሚስ ልታሰፋላት፣ ራሷን ሹሩባ ልታሠራት፣ የፋብሪካውን የፊት ቀለም አስለቅቃ የሐበሻ ዓይንና ቅንድብ ልታስልላት፣ በአገጯና በአንገቷም ላይ ንቅሳት ልታስቀባላት ትፈልጋለች። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ እንጂ ከግድ የለሽነት የመጣ አይደለም፤ መልስ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ለውጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ልብስ ይለበሳል፣ ይወልቃል፤ የቀድሞው ልብስ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ከካርቶኑ ጋር እስከተቀመጠ ድረስ አሻንጉሊቷ በፈለግነው ቀን ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። የፊት ቀለም ግን የሚነሳው በአሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ ነው። ቪኒል ከተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራው ፊት አሴቶኑን ሲችለው ጠንካራው ፕላስቲክ ይሟሟል፤ ፊቱ ቢችለውም እንኳ አንዴ የታጠበው ቀለም የትም አይገኝም። ከዚያ በኋላ የሚቀባው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን የሌላ ሰው ሥራ ነው። ፀጉርም እንዲሁ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ በተደረደሩት ቀዳዳዎች በኩል የተተከለው ከተነቀለ በኋላ አዲስ መትከል ቢቻልም የመጀመሪያውን ፀጉር በመጀመሪያው አኳኋን መመለስ አይቻልም። አካልን መፋቅና መቅረጽ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

የሚመለስ በሚመስለው ለውጥ ውስጥም የማይመለስ ጉዳት ሊደበቅ እንደሚችል ልብስ ሰፊዎቻችን ሊያውቁት ይገባል። የሐበሻ ቀሚስ ነጩ ጥጥ አሻንጉሊትን አይጎዳም፤ የጥለቱና የጥልፉ ክር ቀለሙን የሚለቅ ከሆነ ግን፣ በተለይ ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ፣ ከቪኒሉ ጋር ለወራት ሲነካካ ወደ ውስጥ ሰርጎ በመታጠብ የማይለቅ እድፍ ይሆናል። ስለዚህ ክሩን አስቀድሞ ማጠብ፣ ከቀሚሱ ሥርም ነጭ ገበር ማድረግ ያስፈልጋል። ከነሐስና ከመዳብ የተሠራ ትንሽ መስቀል በጆሮ ላይ መሰካት ደግሞ ፈጽሞ የሚመከር አይደለም። በድሮዎቹ ባርቢዎች ላይ ሰብሳቢዎች «አረንጓዴ ጆሮ» የሚሉት በሽታ የመጣው ከብረት ጉትቻው የወጣው ዝገት ወደ ቪኒሉ ገብቶ በመዛመቱ ነው። ፀሐያችንም መዘንጋት የለባትም፤ ሬዚን ከተባለው፣ በፈሳሽነቱ ቅርጽ ውስጥ ተፈስሶ ከሚጠነክር ቁስ የተሠራ አሻንጉሊት በመስኮት ዳር ሲቀመጥ እየቆየ ወደ ቢጫነት ይለወጣል።

ይህን ሁሉ ተቀብሎም «የፋብሪካ ዕቃ አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ትክክለኛ ነገር አለው። ማቴል እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለሰብሳቢዎች ያወጣቸውን ባርቢዎች በደረጃ ሲከፍል የወርቅ ደረጃ ያላቸው እስከ 25,000፣ የፕላቲኒየም ደረጃ ያላቸው ደግሞ ከ1,000 ያነሱ እንዲሆኑ ወስኖ ነበር። ሃያ አምስት ሺሕ የተመረተ ነገር ብርቅ ነው ማለት ይከብዳል፤ ማሸጊያ ላይ «ውስን» የሚል ቃል መታተሙ ብቻውን ለማንም ግዴታ አይጥልም፤ አንዳንዴም የመሸጫ ዘዴ ከመሆን አያልፍም። ነገር ግን ቁጥሩ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደነበረ አይቆይም። አንዱ በልጅ እጅ ይሰበራል፣ አንዱ በቤት ቃጠሎ ይጠፋል፣ አንዱ በእርጥበት ይበላሻል፣ ሌላው ደግሞ በሰብሳቢ ብሩሽ ይለወጣል። ከእነዚህ ምክንያቶች በእኛ ፈቃድ ላይ የተመሠረተው የመጨረሻው ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ዋጋው መቀነሱ አይደለም፤ ዋጋው የባለቤቷ ጉዳይ ነው። የሚያሳስበኝ ንድፍ አውጪው ልብሱን፣ ፊቱን፣ ጌጡንና የቆዳውን ቀለም እንደ አንድ ሥራ አስቦ መጨረሱ፣ ያም ሥራ የሚታይባቸው አሻንጉሊቶች እያነሱ መሄዳቸው ነው።

የብላይዝ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል። ይህችን ትልቅ ጭንቅላትና ትልልቅ ዓይኖች ያሏትን፣ ከኋላዋ ያለው ክር ሲሳብ የዓይኗ ቀለም በአራት ዓይነት የሚለዋወጠውን አሻንጉሊት የአሜሪካው ኬነር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 አምርቶ ከአንድ ዓመት በላይ አልቀጠለባትም። ለብዙ ዓመታት ተረስታ ከቆየች በኋላ ጂና ጋራን የተባለች አሜሪካዊት ፎቶግራፎቿን እ.ኤ.አ. በ2000 በመጽሐፍ ስታወጣ ዝናዋ ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመትም የጃፓኑ ታካራ ኩባንያ አዲስ ያመርታት ጀመር። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከሚለወጡ አሻንጉሊቶች አንዷ ብላይዝ ናት፤ ጭንቅላቷ ተከፍቶ የዓይን ቀለሟ ይቀየራል፣ ከንፈሯ ይቀረጻል፣ ፊቷ ተፍቆ ጠቃጠቆ ይጨመርበታል። ለእነዚህ ሥራዎች አድናቆቱን የሚነፍግ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሆኖም የጃፓኗን ብላይዝ መቅረጽና የ1972ቷን መቅረጽ አንድ አይደሉም። የጃፓኗን ያበላሸ ሰው ሌላ ገዝቶ እንደገና ይሞክራል፤ የ1972ቷን የሚቀርጽ ሰው ግን ከሚቀንስ እንጂ ከማይጨምር ቁጥር ላይ እየቀነሰ ነው።

ደግሞም ለመለወጥ ተብለው የተሠሩ አሻንጉሊቶች አሉ። የጃፓኑ ቮልክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚሸጣቸው ሱፐር ዶልፊ የተባሉት መገጣጠሚያ ያላቸው የሬዚን አሻንጉሊቶች ዊጋቸው፣ ዓይናቸውና የፊት ቀለማቸው በባለቤቱ ምርጫ እንዲለዋወጥ የታሰቡ ናቸው። እዚህ ላይ ለውጡ የሠሪውን ሐሳብ ይፈጽማል እንጂ አይሽርም፤ በዚህ ልከራከር አልፈልግም።

ከአጎቴ ልጅ ክርክሮች ሁሉ ልቤን የነካው ሌላ ነው። «ሞጃ አፍሪካ ትባላለች፤ እኔ ግን ራሴን አላየሁባትም። ሴት ልጄም አታይባትም። እኛን የምትመስል አሻንጉሊት ማንም ካልሠራልን እኛው ብንሠራት ምን ጥፋት አለው?» አለችኝ። ባርቢ እ.ኤ.አ. በ1959 ከወጣች በኋላ «ባርቢ» ተብላ የተሰየመች ጥቁር አሻንጉሊት የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅሬታ ቀላል አይደለም። አንዲት በሜሪላንድ የምታድግ የጎንደር ልጅ የአያቷን ሹሩባና የአያቷን ንቅሳት በአሻንጉሊቷ ላይ ማየት መፈለጓ የሚደገፍ እንጂ የሚከለከል አይደለም።

ግን ጥያቄው መልስ ያለው ሞጃ ላይ አይደለም። ሞጃም ራሷ ከዚያው ቅሬታ የተወለደች ናት፤ አንድ ጥቁር ንድፍ አውጪ የአሻንጉሊቱ ዓለም ነጭ ብቻ እንዳይሆን ያበረከተውን ሥራ ፊቱን አጥቦ በሌላ የጥቁር ሕዝብ መልክ መተካት፣ ጥቂት የሆነውን ከጥቂቱ ላይ መቀነስ ይሆናል። የጎንደርን ሙሽራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ፊት በገበያ ላይ በርካሽ ዋጋ ሞልቶ ይገኛል። ማንም የማይፈልጋትን ተራ አሻንጉሊት ገዝቶ፣ ቀለሟን አስለቅቆ፣ በአክሪሊክ ቀለም እየሞከሩ፣ ሲበላሽም እንደገና እያጠቡ መሥራት ይቻላል። ሹሩባውን ለመማርም የሚሻለው እርሷ ላይ ነው፤ ቀጭኑን የፕላስቲክ ፀጉር መጎንጎን ለሰው ራስ ከለመደ እጅ የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። እንዲህ የተሠራች አሻንጉሊት ሙሉ በሙሉ የሠሪዋ ሥራ ትሆናለች፣ ከሥር የሌላ ሰው ስም የለባትም፣ ልጅም ያለ ስጋት ትጫወትባታለች። ሞጃ ደግሞ ቀሚስ ብቻ ተሰፍቶላት፣ የራሷ ልብስ በክብር ተቀምጦ፣ ከጎኗ ብትቆም ሁለቱም አይጎዱም። የአጎቴ ልጅ በቀሚሱ ተስማምታለች፤ በፊቱ ጉዳይ እስካሁን አልተግባባንም።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ራሳችን ደጅ ልምጣ። ከከተማችን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይሠሯቸው የነበሩት ትንንሽ የሸክላ ምስሎች በዓለም ይታወቃሉ። አንበሳው፣ ሰሎሞንና ሳባ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ኮከብ ያለባቸው ጌጦች የጎንደር መታወቂያ ሆነው ኖረዋል። ሠሪዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተደረገው ጉዞና ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተወሰዱበት ዘመቻ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ዛሬ በወለቃ ሙያውን የያዙ ሴቶች አዳዲስ ምስሎችን እየሠሩ መሆናቸው የሚያስመሰግን ነው። የቀድሞዎቹ ሠሪዎች እዚህ ሳሉ የሠሯቸው ግን፣ ማንም ቁጥራቸውን ባይወስነውም፣ ታሪክ ወስኖታል።

እነዚህን አሮጌ ምስሎች በየቤቱና በየዕቃ መሸጫው በቫርኒሽ አብረቅርቀው፣ አንዳንዴም የአንበሳው ጎፈር በወርቃማ ቀለም ተቀብቶ አይቻለሁ። የሚያደርጉት ሰዎች ዕቃው እንዲያምር ብለው ነው። ነገር ግን በክፍት እሳት የተተኮሰ ሸክላ ፈሳሽን የሚመጥ በመሆኑ ቫርኒሹ ከላይ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በኋላ ይውጣ ቢባል ሸክላውን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። የእሳቱ ጥላሸትና የሠሪዋ ጣት ያሳረፈው መስመርም ከቅባቱ ሥር ይሸፈናል። አብዛኞቹ ሠሪዎች ስማቸውን ስላልጻፉ ያ መስመር ማን እንደሠራው ለማወቅ ለሚፈልግ አጥኚ ከቀሩት ጥቂት ምልክቶች አንዱ ነው። አሮጌ የወለቃ ምስል ያለው ሰው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃዋል፤ ወርቃማ አንበሳ የሚፈልግ ደግሞ ከዛሬዎቹ ሠሪዎች አዲሱን ይዘዝ፣ እነርሱም ይጠቀሙ።

ጎንደር ይህን ትምህርት በትልቁም አይታዋለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን በፋሲል ግቢ ሕንፃዎች ላይ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ከኖራው ግንብ ጋር ስላልተስማማ በኋላ በተደረገው እድሳት በኖራ እንዲተካ ብዙ ድካም ጠይቋል። ያም የተቻለው ከሲሚንቶው ሥር ድንጋዩ ስለቆየና የኖራው አሠራር ስለሚታወቅ ነው። ከታጠበ ፊት ሥር ግን የሚጠብቀን ነገር የለም።

አንድ ነገር ልለይ። ልጅ የሳለባት፣ ፀጉሯ የተቆረጠ፣ ፊቷ የተቃጠለ ብርቅዬ አሻንጉሊት ያገኘ ሰው እንደ ወደደ ቢያበጃት አልቃወምም፤ የመጀመሪያው ሥራ አስቀድሞ ጠፍቷልና አዲሱ እጅ የሚወስደው ነገር የለም። በዚህ ጊዜም ቢሆን ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የተጠቀሙበትን ቀለም ዓይነት፣ ቀኑንና የሠሪውን ስም ጽፎ ከካርቶኑ ጋር ማስቀመጥ ይገባል። ሲሸጥም ለገዢው የቱ የፋብሪካው፣ የቱ የአዲሱ እጅ ሥራ እንደሆነ ሳይደብቁ መንገር የሻጩ ግዴታ ነው፤ ለአሮጌ የወለቃ ምስል ነጋዴዎቻችንም ቫርኒሽ የተቀባውን «እንዳለ የቆየ» ብለው ከመሸጥ እንዲቆጠቡ የምጠይቃቸው በዚሁ ምክንያት ነው።