የተመረዘ ሥጋ ለበተናችሁ፣ አይታችሁም ዝም ላላችሁ

ወገኖቼ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፍላችሁ። ሰፈሩ የእናንተ ሰፈር ላይሆን ይችላል። ነገሩ ግን ነገ በእናንተም ደጅ ይደረጋል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሰፈሩ ውሻ በዛብን ብሎ ተሰበሰበ። አንዱ ልጄን አባረሩብኝ አለ። ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ሲያላዝኑ እንቅልፍ አጣሁ አለ። ሦስተኛው ደጅ ያስቀመጥኩትን የቆሻሻ ፌስታል እየቀደዱ መንገዱን አበላሹት አለ። ማንም አልዋሸም፤ አቤቱታው ሁሉ እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰው እንኳ «እንስሳት ሐኪም እንጠይቅ» ሳይል ውሳኔው መርዝ ሆነ። ገንዘብ ተዋጣ። ሥጋ ተገዝቶ ተቆራረጠ፣ ስትሪክኒን የሚባል መርዝ ተነሰነሰበት፣ ሰው ከተኛ በኋላ በየአጥሩ ጥግ ተጣለ።

ስትሪክኒን የሚያስተኛ መርዝ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እንስሳው ከዋጠው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጡንቻው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይኮማተራል፤ እግሮቹ ይገተራሉ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ይቆለመማል። ትንሽ ለቀቅ ሲያደርገው በር ቢንኳኳ፣ መብራት ቢበራ ወይም ሰው ቢነካው እንደገና ይጀምረዋል። አእምሮው አይደነዝዝም። የሚሞተው የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ተይዘው አየር ሲያጥረው ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚሆነውን ሁሉ ያውቀዋል።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የምትኖረው ዳማዋ ውሻ የሞተችው እንደዚህ ነው። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ተቆርጦ ነበር። ያ ምልክት የሚደረገው ማደንዘዣ ላይ እያለች ነው፤ «ይቺ መክናለች፣ ተከትባለች፣ አትንኳት» ለማለት። ከእንግዲህ አትወልድም ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ቢመጣ እሷ ላይ ይቆም ነበር። ሌላ ባዕድ ውሻ ወደዚያ አጥር ሲጠጋ የምታባርረው እሷ ነበረች። ጠዋት ልጆች ቦርሳቸውን አንግበው ሲመጡ ጥርሷ እንደተነከሰ፣ አራት እግሯ እንደተገተረ በሩ ላይ አገኟት። ስሟን ያወጡላት እነሱ ነበሩ። አንድ ትልቅ ሰው መጣና ጆንያ ጣለባት፤ ልጆቹንም «ግቡ፣ ግቡ» አላቸው። ለምን እንደሞተች የነገራቸው የለም። ምን ይበላቸው?

ሬሳዎቹ በጋሪ ተሰብስበው ሜዳ ላይ ተጣሉ። መርዙ በሆዳቸው ውስጥ አለ፤ ያንን የሚበላ አሞራና ጅብም አብሮ ይሞታል። ይህን መርዙን የገዙት ሰዎች አያውቁም ነበር እንበል። የጆሮዋን ምልክት ግን ያውቁ ነበር፤ የማምከኑ ሥራ ሲሠራ እዚያው ቆመው ያዩ ሰዎች ናቸው። ይቅር ማለት ያቃተኝ እዚህ ላይ ነው።

ወራት ሳያልፉ ሰፈሩ እንደገና ውሻ ሞላው። ለምን አይሞላ? የቆሻሻ ገንዳው ክዳን የለውም፣ የሥጋ ተረፈ ምርት ሜዳ ላይ ይደፋል፣ መጠለያውም እንዳለ ነው። ምግብና መጠለያ ያለበት ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ከጎረቤት ሰፈር ይገባሉ። ከመርዙ የተረፉት ሴቶችም የሚሻማቸው ስለሌለ ይጠግባሉ፣ የሚወልዷቸው ቡችሎችም ከበፊቱ ይልቅ በሕይወት ይቆያሉ። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። አዲስ የገቡት ደግሞ አልመከኑም፣ አልተከተቡም። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ መተላለፉን ለማቋረጥ ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። የተከተበችውን ገድሎ ያልተከተበን ማስገባት ማለት በገዛ ልጅ ላይ በር መክፈት ነው።

ይህ በሌላ አገር ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። በኢንዶኔዥያ የፍሎሬስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 በሽታው ሲገባ ውሾች በጅምላ ተገደሉ፤ በሽታው ግን ደሴቱን አልለቀቀም። የዚያው አገር ደሴት ባሊም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲደርስባት በመግደል ጀመረች፤ ፋታ ያገኘችው ውሾቹን በዘመቻ መከተብ ከጀመረች በኋላ ነው። በእስያ ያለችው ትንሽ አገር ቡታን እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረችውን የማምከንና የመከተብ ሥራ ሳታቋርጥ ቀጥላ በ2023 የጎዳና ውሾቿን ሁሉ ማምከኗን አስታወቀች። አሥራ አራት ዓመት ነው። አንድ ሌሊት አይደለም፤ እኛን ያስቸገረንም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

እስቲ ሥራውን ልንገራችሁ፤ ከመርዙ ቅንብር የበለጠ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ቁጠሩ፤ ስንት ውሻ፣ ስንት ድመት፣ ከእነሱ ስንቱ ሴት ነው? ቁጥሩን የምትወስነው ሴቷ ናት። አንድ ወንድ ብቻ ቢቀር እንኳ ሁሉንም ሴቶች ያስረግዛል፤ ስለዚህ አቅም ካነሰ ከሴቶቹ ጀምሩ። በአንድ ትንሽ ሰፈር አብዛኞቹን ሴቶች በአጭር ጊዜ ጨርሱና ወደ ቀጣዩ እለፉ። ከትልቅ ከተማ አምስት ከዚህ አምስት ከዚያ መርጦ ማምከን ገንዘብ ይበላል፣ ቁጥሩን ግን አይነካውም።

ድመትን ለመያዝ ለሳምንት ያህል በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ብቻ አብሏት። ከመያዣው ቀን በፊት ምግቡን ከልክሉና ወጥመድ ሣጥኑን እዚያው አስቀምጡ። በአንድ ሣጥን አንድ ድመት ብቻ፤ እንደገባች በጨርቅ ሸፍኑት፣ ጨለማው ያረጋጋታል። ሣጥኑን ፀሐይ ላይ ትቶ መሄድ ግን መግደል ነው። ውሻን በሽቦ ማነቆ አታሳዱ፤ አንዴ የተሳደደ ውሻ ከዚያ በኋላ አይጠጋም፣ ያዩትም ይሸሻሉ። የሚያበላው ሰው ይያዘው፤ እምቢ ካለ መረብ አለ።

ለቀዶ ሕክምናው ለአዋቂዎቹ ምግብ ከማታ ጀምሮ ይከለከላል፣ ውሃ እስከ ጠዋት ይፈቀዳል። ለትንንሾቹ ግን ከ4 ሰዓት በላይ ምግብ መከልከል የደም ስኳራቸውን ያወርደዋል። ለጎዳና እንስሳ በራሱ የሚሟሟ ክር ይጠየቅ፤ ስፌት ለመፍታት ሁለተኛ መያዝ አይቻልማ። ከሁሉ በላይ የሚበላሸው በችኮላ መልቀቁ ነው። ማደንዘዣው ሳይለቃት የተለቀቀች ድመት መኪና ሥር ትገባለች ወይም በብርድ ትሞታለች። ወንዱን ቢያንስ እስከ ማግስቱ፣ ሴቷን አንድ ወይም ሁለት ቀን በደረቅና ሞቃት ቦታ አቆዩ። የምታጠባ ከሆነች ግን በደንብ እንደነቃች ወደ ልጆቿ ትመለስ፤ ቀዶ ሕክምናው ወተቷን አያደርቀውም። ድድዋ ከነጣና ከደከመች ውስጥ ውስጡን እየደማች ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ሳይውል ሳያድር ይጠራ። የተኮላሸ ወንድም ያን ዕለት መካን አይሆንም፤ ለአንድ ወር ያህል ማስረገዝ ይችላል። በመጨረሻ ከተያዙበት ቦታ ይመለሱ እንጂ ሌላ ሰፈር አይጣሉ፤ እዚያ ይራባሉ፣ ይደባደባሉ፣ የለቀቁትንም ቦታ ሌሎች ይሞሉታል።

በመርፌ እርግዝና እንከላከል የሚሉም አሉ፤ ርካሽ ነው። መርፌው ሲደጋገም ግን ማህፀኗ መግል ሊቋጥር፣ ጡቷ ላይም እባጭ ሊወጣ ይችላል። እኔ አልመክረውም።

አሁን ደግሞ ውሻና ድመት በቤታችሁ ላላችሁ። ባለቤት አልባ እንስሳ ከሰማይ አይወርድም። ቡችሎቹን በካርቶን አድርጎ ገበያ ዳር የሚጥለው ማን ነው? የድመት ልጆች ዓይናቸው ሳይገለጥ ገንዳ ውስጥ የሚወረውረውስ? ሴት ውሻችሁ በዓመት ሁለቴ ገደማ ለሦስት ሳምንት ያህል ወንዶችን ትስባለች፤ በእነዚያ ቀናት ክፍት በር ማለት ቡችላ ማለት ነው። ድመት በ4 ወይም 5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ የመጀመሪያዎቹን እያጠባችም ሌላ ታረግዛለች። «ገና ልጅ ናት» እያላችሁ ነው ያስረገዛችኋት። በ4 ወሯ ገደማ አምክኗት፤ አንዴ ትውለድ የሚለው ምክር ለጤናዋ አንዳች አይጠቅምም።

እኔም አንዳንዴ ማንን እንደምገስጽ ግራ ይገባኛል። መርዙን የበተኑት ጥቂት ናቸው፤ ጩኸቱን ሰምተን ብርድ ልብሳችንን የሳብን ብዙ ነን። አንድ ሰው በር ከፍቶ ቢወጣ ያ ሥጋ ይለቀም ነበር። በስብሰባው ላይ አንድ እጅ ቢነሳ፣ የተዋጣው ገንዘብ ሐኪምና ክትባት ያመጣ ነበር።

ስብሰባው እንደገና መጠራቱ አይቀርም፤ ውሾቹ በዝተዋልና። ደክሞኛል፣ ግን ልለምናችሁ። በዚያ ቀን የሴቶቹን ቁጥር የያዘ አንድ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ፤ የእንስሳት ሐኪም አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ለገንዳው ክዳን የሚሠራ ሰው ፈልጉ። የተነከሰ ካለም ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ላኩት። አንድ ሰው «መርዝ» ሲል ደግሞ ዝም አትበሉ፤ እጃችሁን አንሡ።