ጅማ ለሁለተኛ ክለብ «አትበቃም» ያላት ማን ነው?

ቶሮንቶን ወደ ጅማ የጠራት ማን ነው? ከዛሬው ስብሰባ ደሜ እንደፈላ ወጥቼ እስካሁን አልበረደልኝም። ስለ ከተማችን እግር ኳስ ልንመክር ተጠርተን፣ ስለ ካናዳ የበረዶ ሆኪ ተሰብኮልን ተመለስን። የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያልነበራችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ።

ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል መጀመሩን አላነሣም፤ ለምደነዋል። የታሸገው ውኃ ለፊት ወንበር ሰዎች ብቻ መታደሉንም አላነሣም። በቡና አገር፣ በጅማ ምድር፣ ለተሰብሳቢው አንድ ስኒ ቡና መጥፋቱን ግን አነሣለሁ! በዚህች ከተማ የለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ያለ ቡና አይሸኝም።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። ያልሁት አጭር ነው፦ ይህች ከተማ ስም ያላቸው ሁለት ክለቦች አሏት፣ አባ ጅፋርና አባ ቡና፤ ሁለቱም በየተራ ፕሪሚየር ሊግ ረግጠዋል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ እላይ የምናይበት መንገድ ይታሰብ፤ ነጋዴውም ደጋፊውም አባል ይሁን፤ ሁሉም ነገር ከመንግሥት በጀት አይጠበቅ። ይኸው ነው። የሰደብሁት ሰው የለም፣ ገንዘብ ስጡኝ አላልሁም።

ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ ያ ከካናዳ ለዕረፍት የመጣው ሰውዬ ወደ እኔ ዞረ። በክብር እንግድነት ነው የተጋበዘው አሉ፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም።

«ወንድሜ፣ ቶሮንቶን ታውቃታለህ?» አለኝ።

«በስም አውቃታለሁ» አልሁት።

«ስንት ሕዝብ እንዳላትስ?»

«ብዙ ነው የሚባለው።»

«ሚሊዮኖች! ሆኪ ደግሞ ለእነሱ ለእኛ እግር ኳስ እንደ ማለት ነው፤ ከዚያም ይብሳል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ዶላር ያለበት ከተማ ትልቁ ሊግ ውስጥ ስንት ክለብ ያለው ይመስልሃል?» አንድ ጣቱን ቀስ ብሎ አነሣና ለአዳራሹ በሙሉ አዙሮ አሳየ። «አንድ! ቶሮንቶ ያልቻለችውን ጅማ ልትችለው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አብረውኝ ስታዲየም ውስጥ በዝናብ የበሰበሱ ሰዎች ሳቁ! ሰብሳቢው እንባውን እየጠረገ «ጋሼ በአጭሩ አስቀመጡልን» አለና ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ተቀመጥ፣ ጊዜ የለንም» አለኝ። እሱን በአንቱታ፣ እኔን የሦስት ልጆች አባት በአንተታ። ያ ሁሉ ሲሆን ዓይኔ ያረፈው ቃለ ጉባኤ ያዡ ላይ ነበር። እኔ ስናገር ብዕሩን ከወረቀቱ አንሥቶ በሁለት ጣቶቹ መካከል ያሽከረክር ነበር። ሰውዬው ሲናገር አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ። የጅማ ነገር ሳይጻፍ የቶሮንቶ ነገር ተጻፈ!

ለምን እዚያው አልመለስህለትም የምትሉኝ አላችሁ። በዚያ ሳቅ መካከል ማን ይሰማኛል? አሁን ግን እመልሳለሁ፤ ያ ሰውዬም ይህ ጽሑፍ እንዲደርሰው እፈልጋለሁ። እዚያው ቶሮንቶ ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ ደወልሁ። ስቆ አልጨረሰም። በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ የሜፕል ሊፍስን፣ ያንን የከተማዋን አንድ ክለብ፣ አዳራሽ አልረገጠም፤ ትኬቱ ለእሱ ኪስ የሚቀመስ አይደለም፤ ጨዋታውን የሚያየው በቴሌቪዥን ነው። ያ ክለብ የሆኪው ሊግ ሻምፒዮን የሚያነሣውን የስታንሊን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ ተወልዶ አረጀ፤ አዳራሹ ግን ይሞላል። እንግዲህ ይህ ከተማ ነው ሁለተኛ ክለብ የማይችለው? ዋንጫ ለማያመጣ ክለብ ይህን ያህል የሚከፍል ሕዝብ ነው አቅም ያነሰው?

ነገሩ የአቅም አይደለም፤ የበር ጠባቂ ነው! የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ለእያንዳንዱ ክለብ ከከተማው ወሰን ዙሪያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የራሱ ክልል ይሰጠዋል። ሌላ ክለብ እዚያ ልግባ ሲል ከሊጉም ከነባሩም ጋር መጋጠም አለበት። ከቶሮንቶ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሐሚልተን የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ናሽቪል ያለው ክለብ ወደ እነሱ ሊመጣ ይችላል ሲባል፣ የሐሚልተን ሕዝብ ገና ለሌለ ክለብ በሺዎች የሚቆጠር የዓመት ትኬት ቀብድ አስያዘ። ለሌለ ክለብ! ክለቡ አልመጣም። በ2009 ደግሞ የብላክቤሪ ስልክ አምራች ድርጅት መሪ የነበረው ጂም ባልሲሊ በአሪዞና በረሃ የከሰረውን የፊኒክስ ኮዮቲስ ክለብ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወደ ሐሚልተን ላምጣው አለ። ሊጉ አሻፈረኝ አለ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ባልሲሊ ተረታ። ከዚያስ ምን ሆነ? ክለቡ እዚያው በረሃ ውስጥ ሲንገታገት ኖሮ፣ የመጨረሻ ሁለት ዓመቱን አምስት ሺህ ሰው እንኳ በማይይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጫውቶ፣ በ2024 ወደ ዩታ ሄደ። ሐሚልተን ዛሬም ቁጭ ብላ ታያለች። ሕዝብ አላት፣ ገንዘብ ያለው ሰው ተገኝቶላት ነበር፣ ቀብድም ተይዞ ነበር። የጎደለው ፈቃጅ ብቻ ነው።

ለምን ኒው ዮርክን አልጠራልንም? በዚያ አካባቢ ሦስት ክለብ አለ። ሬንጀርስ ከ1926 ጀምሮ፣ አይላንደርስ ከ1972 ጀምሮ፣ በ1982 ደግሞ ዴቭልስ ከኮሎራዶ ተነሥቶ ከኒው ዮርክ ወንዝ ማዶ ኒው ጀርዚ ገባ። ለነባሮቹ ካሳ ተከፈለና ነገሩ አለቀ። የሎስ አንጀለስ አካባቢም በረዶ በማይጥልበት አገር ሁለት አለው። ዳክስ በ1993 ሲመሠረት ለመግቢያ ከተከፈለው 50 ሚሊዮን ዶላር ግማሹ የገባው ጎረቤቱ ኪንግስ ኪስ ውስጥ ነው። ባለቤቶች ሲስማሙ ከተማ ድንገት ሁለት ክለብ ይችላል፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ያው ከተማ አቅም የለውም ይባላል።

ሞንትሪያልንማ ጨርሶ አልነካትም፤ ሰውዬው የኖረው እዚያው ካናዳ አይደለም እንዴ? ሞንትሪያል ነዋሪዋ አንድ ሚሊዮን ባልሞላበት ዘመን፣ ከ1924 እስከ 1938፣ ሁለት ክለብ ነበራት። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ከካናዲያንስ ጋር፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከማሩንስ ጋር። ማሩንስ ሁለት ጊዜ የስታንሊን ዋንጫ ወስዷል፤ በ1926 እና በ1935። በመጨረሻ የፈረሰው ዓለምን ያደቀቀው የኢኮኖሚ ቀውስ ጎድቶት ነው። አሥራ አራት ዓመት፣ ሁለት ዋንጫ! ለእኛ ይህ ቢሰጠን እምቢ የሚል የጅማ ሰው አለ?

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። አባ ቡና በእኛ አቆጣጠር በ2009 ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዚያው ዓመት ወረደ። በዚያው ጊዜ ጅማ ከተማ ይባል የነበረው ክለብ አደገና አባ ጅፋር ተባለ። አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ በር ላይ ተላለፉ፤ አንድ ዓመት እንኳ አብረው እላይ አልታዩም። ቀጥሎ የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋችኋል? አባ ጅፋር ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010፣ ሻምፒዮን ሆነ! ቅዱስ ጊዮርጊስን በጎል ልዩነት በልጦ! አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል። ከአጂፕ እስከ ሂርማታ መንገዱ በሰው የታጨቀበትን ያንን ቀን ያየ ሰው ነው ዛሬ «ጅማ አትችልም» ሲባል የሳቀው? ክለባችን የግብፁን አል አህሊን የገጠመ ክለብ ነው!

ቀጥሎ በ2012 ኮሮና መጣና ሊጉ ተቋረጠ። በ2013 ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች ብቻ ሲሆን ጅማ ከተመረጡት አንዷ ሆና ደስ አለን። ከዚያ በኋላ ግን ሊጉ በዚያው አሠራር ቀጠለና እኛ ተረሳን። አባ ጅፋር ከሜዳው፣ ከሕዝቡ ርቆ ሲጫወት ከርሞ በ2014 ወረደ። እስቲ ንገሩኝ፣ ደጋፊ ሜዳው ላይ ክለቡን በማያይበት፣ የመግቢያ ትኬት በማይቆርጥበት ሊግ ውስጥ «ከተማዋ ክለብ መደገፍ አልቻለችም» ማለት ምን ማለት ነው? መች ተጠየቅን? በዚህ አገር አብዛኛው ክለብ የሚኖረው በከተማ ወይም በክልል በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ተጫዋቹ ልምምድ ያቆማል፣ አሠልጣኙ ይሰናበታል። ከዚያ ጥፋቱ የከተማዋ ይሆናል። የሞተ እንደሆነ በሽታውን ትተው አስታማሚውን ይከሳሉ።

ደግሞ «አንዱንም አላኖርን» የሚሉኝ አሉ። ሐዋሳን እዩአት! ሐዋሳ ከተማ አለ፣ ሲዳማ ቡና አለ፤ በአንድ ከተማ ሁለት ክለብ፣ ሁለቱም በላይኛው ሊግ ሲፋለሙ አይተናል። ሐዋሳ ቶሮንቶን አስፈቅዳ ነው? አዲስ አበባማ ምኑ ይወራል፤ ጊዮርጊስና ቡና የሚገናኙ ቀን ሁለቱም የሚያተርፉት አንዱ ስለ ሌላው ነው። ጎረቤት ክለብ ደጋፊ ይቀማል የሚሉት የደርቢን ቀን ስታዲየም ገብተው የማያውቁ ናቸው። ልጄ አባ ቡና፣ እኔ አባ ጅፋር ሆነን ቤት ውስጥ ተኮራርፈን ብናድር እንዴት ደስ ባለኝ!

አሁንማ ልጆቹ ራሳቸው እያለቁብን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር የምንጫወትበትን ሜዳ ታውቁታላችሁ። ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ማን እንዳጠረው የጠየቅነው ሁሉ ሌላ ቢሮ ያሳየናል። ኳሷ ከቆርቆሮው ማዶ ስትገባ ዘበኛው አይመልስም፤ ትንሹን ልጅ በአጥሩ ሥር በክፍተቱ አሾልከን ነው የምናወጣት። የዚያ ልጅ ግራ እግር ሲመታ ብታዩ! በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ከተማ ይወስደዋል፤ እላይ የሚጫወት ክለብ ከአንድ በማይበልጥበት ከተማ አንድ አሠልጣኝ ካልፈለገህ ዕቃህን ሸክፈህ ከመሄድ በቀር ሌላ በር የለህም። ሁለተኛ ክለብ ማለት ለዚያ ልጅ ሁለተኛ በር ነው። ይህንን ልናገር ስል ነው «ተቀመጥ» የተባልሁት።

ደክሞኛል። እውነቴን ነው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ መናገር ደክሞኛል። በየስብሰባው ተነሥቶ መናገር፣ በየስብሰባው መሳቂያ መሆን። ባለቤቴ «ተወው፣ ደም ግፊትህን አታስነሣ» ትለኛለች። እንዴት ልተወው? ሰው ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ ብቻ ያሻውን ሲናገር ይጨበጨብለታል፤ እዚህ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ደጋፊ ግን ጊዜ የለም ይባላል።

እና እናንተ የሳቃችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በ2010 ማሊያ ለብሳችሁ ከእኔ ጋር ያለቀሳችሁ ናችሁ። ነገ ጠዋት ቃለ ጉባኤውን ለማየት እሄዳለሁ፤ ያቀረብሁት ሐሳብ ካልተጻፈ በጽሑፍ አመልክቼ እንዲገባ እጠይቃለሁ። አብሮኝ የሚፈርም ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ለመሳቅ ብቻ የምትመጡ ከሆነ ግን አትልፉ።