«የግራ አንጎል ሰው»፣ «የቀኝ አንጎል ሰው» ስለሚባለው፦ እርማት

«ሒሳብ የሚወዱ በግራ አንጎላቸው፣ ሠዓሊዎችና ገጣሚዎች በቀኙ ያስባሉ» የሚለው አስተያየት በስፋት ቢነገርም ትክክል አይደለም። የሥራ ክፍፍል መኖሩ ግን አይካድም፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. «ታን» ከማለት በቀር መናገር ይሳነው የነበረ ሕመምተኛ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ፣ ጉዳቱን በግራው ክፍል የፊት አካባቢ አግኝቷል።

አፈ ታሪኩን ያስፋፋው የአሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ የሮጀር ስፔሪ ጥናት ተጋንኖ መተርጎሙ ነው። የተጠኑት ሰዎች ከባድ የሚጥል በሽታ ስለነበረባቸው ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠባቸው ነበሩ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የማንኪያ ሥዕል ዓይኑ ካተኮረበት ነጥብ በስተግራ ለቅጽበት ሲታይ፣ ምስሉ የሚደርሰው ወደ ቀኙ ክፍል ብቻ ስለሆነና የሚናገረው ግን በአብዛኛው ግራው ስለሆነ፣ «ምንም አላየሁም» ይላል፤ ግራ እጁ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ካሉት ዕቃዎች መካከል ማንኪያውን ዳብሶ ያነሣል። ሥራው ስፔሪን በ1981 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚ አድርጎታል፤ ድልድዩ ያልተቆረጠበትን ጤነኛ ሰው ግን በጠባይ ለመፈረጅ አያገለግልም።

ቋንቋ ራሱ ሙሉ በሙሉ የግራው ንብረት አይደለም፤ ቃላትና ሰዋስው በአብዛኛው ወደ ግራ ቢያደሉም፣ የድምፅን ቅላጼና ሽሙጥን በመረዳት ረገድ ቀኙ ትልቅ ድርሻ አለው። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው በየትኛው ሊመደብ ነው? በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል ፈትሸው፣ በአንዱ ጎን ያለው የነርቭ ትስስር መረብ በአጠቃላይ ከሌላው የበረታበት የሰው ዓይነት አላገኙም።