መጀመሪያ ማውጣቱን ሞክር

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ መጣ። ቡናው ሳይቀዳ ስልኩን አወጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» አለኝ። የፎሬክስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የውጭ ገንዘብ የሚነገድበት፣ አካውንት ነው። ለሙከራ ያስገባት 10 ዶላር ቁጭ ብላለች። አሁን ቤተሰቡ በርበሬ ሸጧል። በቴሌግራም ያገኘው «አስተማሪ» ደግሞ «200 ዶላር ላክልኝ፣ እኔው አስገብቼ እነግድልሃለሁ» ብሎታል።

እህቴ ያን በርበሬ ስትቀነጥስ እጇ እንዴት እንደሚለበልባት አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

ልጆቻችን ዶላር ዶላር ማለታቸው አይፈረድባቸውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት እጥፍ ሆነ። ይህን ያየ ወጣት በዶላር ማግኘት ቢመኝ ምን ይገርማል?

ግን ሒሳቡን አብረን እንየው። ብሮከሩ፣ ማለትም የሚያስነግድህ ድርጅት፣ ካለህ ገንዘብ ብዙ እጥፍ እንድትነግድ ይፈቅድልሃል፤ ይህ ሌቨሬጅ ይባላል። በ50 ዶላር አካውንት 0.10 ሎት (10,000) ዩሮ በዶላር ብትገዛ፣ ዋጋው አንድ ፒፕ (0.0001 ዶላር) በተንቀሳቀሰ ቁጥር 1 ዶላር ታገኛለህ ወይ ታጣለህ። ገበያው ባንተ ላይ ከዞረ 50 ፒፕ ሳይሞላ አካውንቱ ነደደ ማለት ነው። ይህን ያህል እንቅስቃሴ ደግሞ በአንድ ቀን የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከግለሰብ አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶው እንደሚከስሩ ገልጾ፣ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ ሌቨሬጁን በ30 እጥፍ ገደበው። ለኛ ልጆች ግን 500 እጥፍ የሚሰጥ ብሮከር አለ።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው። ሁለተኛ ብር ከመጨመርህ በፊት የመጀመሪያዋን አውጣ። ማስገባትማ የትም ቀላል ነው፤ ብሮከሩ የሚታወቀው ሲከፍል ነው። አንዳንዱ ምንም ሳትነግድ ብታወጣ ክፍያ ይቆርጣል፣ ቦነስ ከተቀበልክም ይህን ያህል ሎት ካልነገድክ አትነካውም ይልሃል። ደንቡን ቀድመህ አንብብ። ገንዘቡ በአብዛኛው በገባበት መንገድና በራስህ ስም ነው የሚመለሰው፤ በሰው እጅ ያስገባኸው በምን ይመለስልሃል? መንገዱም ራሱ ያሳስባል። ብዙዎቹ ዩኤስዲቲ የሚባለውን፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ዲጂታል ገንዘብ፣ ከግለሰብ እየገዙ ነው የሚያስገቡት። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በእንዲህ ያለ ምናባዊ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ብትበላ ለማን አቤት ትላለህ?

ልጁን «በል፣ እዚሁ ፊቴ አውጣት» አልኩት። ማውጫውን ነካ። መታወቂያ ጠየቀው። ፎቶ አንስቶ ላከ። ሁለተኛው ስኒ ሳያልቅ መልስ መጣ፤ ስሙ አይገጥምም። ለካ አካውንቱን የከፈተለት ያ «አስተማሪ» ነው፣ የጻፈውም ልጁ በቴሌግራም የሚጠራበትን የቁልምጫ ስም ነው። ልጁ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም።

10 ዶላሯ አሁንም እዚያው ናት። የበርበሬው ብር ግን እናቱ ጋ ነው።