ከ6,000 ብር ላይ 700 ብር

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ 700 ብር ግብር ይቆረጣል። ጡረታ 7 በመቶ ነው፤ እሱ ደግሞ 420 ብር ይወስዳል። እጅ የሚገባው 4,880 ብር ነው። ደሴ ውስጥ በዚህ ብር ቤት ተከራይቶ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ወሩን አይዘልቅም። ወሩ ሳይጋመስ ብድር ይጀምራል።

ይህን የምጽፈው ስለ ግብር መክፈል ክፋት ለማውራት አይደለም። ግብር መከፈል አለበት። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ግብር መጀመር ያለበት ሰው ለመኖር ከሚያስፈልገው በላይ ካለው ብር ነው። እኛ ጋ ግን የሚጀምረው ከምግቡ ላይ ነው። ብዙውን የሚሸከመውም የሚችለው ሳይሆን በቅርብ የሚገኘው ሆኗል።

ሥራዬ ፔይሮል፣ ማለትም የሠራተኛ የደመወዝ ሂሳብ፣ መሥራት ነው። ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚህ የግብር ሠንጠረዡን በየወሩ የማየው በሰው ስም አንጻር ነው።

በሐምሌ 2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ማሻሻያው ምንም አልጠቀመም ማለት ውሸት ነው። 2,000 ብር የሚያገኝ ሰው በድሮው ሠንጠረዥ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን ዜሮ ነው። 5,000 የሚያገኘው ከ697 ብር ከ50 ወደ 500 ወርዶለታል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ምስጋናም ይገባዋል።

ግን 600 ብር መቼ የተወሰነ ነበር? በ2008 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ 979 ነው። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 22 ብር ነበር። 600 ብር ማለት 27 ዶላር ገደማ ነው። አዲሱ 2,000 ብር ሲታወጅ ዶላሩ ከ130 ብር አልፎ ስለነበር፣ ነፃ የተባለው ገንዘብ 15 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ፣ አቅሙ ግን ወደ ግማሽ ወረደ። ኑሯችን በዶላር አይደለም የሚል ካለ ዘይቱን፣ ሳሙናውን፣ የባጃጁን ነዳጅ ይጠይቅ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የማይነካ ዕቃ የለም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነው። መንግሥት ራሱ ከ6,000 ብር በታች ሠራተኛ አላኖርም ብሏል። በዚያው ወቅት ከግብር ነፃ ያለው የዚህን ሲሶ ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ ለመኖር የሚያስፈልገው ትንሹ ገንዘብ ነው ከተባለ፣ ከእሱ ላይ እንዴት 700 ብር ይነሳል? በዚህ ደመወዝ የምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ ከሠንጠረዡ ሦስተኛው እርከን፣ 20 በመቶው ውስጥ ተቀምጣለች። በዓመት 8,400 ብር ትከፍላለች። ከአንድ ወር ደመወዟ ይበልጣል።

ጭማሪ ሲመጣ ደግሞ እርከኑ ይከተላል። ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲያድግ ጭማሪው 4,560 ብር ነው ተባለ። ግብሩ ግን ከ888 ወደ 2,100 ብር ወጣ። ከጭማሪው ላይ 1,212 ብሩ ለግብር፣ 319ኙ ለጡረታ ሄደ። ባለ ሱቁ ግን የሰማው 4,560 የምትለዋን ነው። አከራዩም እንደዚያው።

የእኛ መሥሪያ ቤት ለጥበቃዎች ደመወዝ ከ4,000 ወደ 5,000 ሲያሳድግ፣ አንድ ትልቅ ሰው የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ 1,000 ብር ተጨመረልህ ብላችሁኝ አልነበር? ይኸው 730 ናት የመጣችው» አሉኝ። 200 ብሩ ግብር፣ 70ው ጡረታ መሆኑን በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። «ሕጉ ነው አባባ» አልኳቸው። «አብሽሪ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ብለው ወጡ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ሕጉ ነው» ማለት ከብዶኛል። ሕግ እኮ ሰው የሚያወጣው ነው።

ከላይ ያለውን እንይ። 35 በመቶው የሚጀምረው ከ14,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ እርከን የለም። 15,000 ብር የሚያገኝ መምህርና 300,000 የሚያገኝ ሥራ አስኪያጅ በመጨረሻዋ ብራቸው ላይ የሚከፍሉት መጣኔ አንድ ነው። ድርጅት ግን ከትርፉ የሚከፍለው 30 በመቶ ነው፤ ያውም የቤት ኪራዩን፣ ነዳጁን፣ የሠራተኛ ደመወዙን፣ የብድር ወለዱን ከቀነሰ በኋላ። ደመወዝተኛ ምን ይቀነስለታል? ከደሴ ኮምቦልቻ የምመላለስበት ትራንስፖርት ወጪ አይባልልኝም። የቤት ኪራይም፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም፣ የእናት መድኃኒትም አይባልልኝም። ነጋዴ የሚከፍለው ከተረፈው ላይ ነው፣ እኛ የምንከፍለው ከገባው ላይ። ለዚያም ነው የደመወዝተኛው ነፃ ወለል ከፍ ማለት ያለበት። ወጪ ካልተቀነሰለት ቢያንስ መኖሪያው ይቀነስለት።

ኮምቦልቻ ስላለሁ ደግሞ ዝም ብዬ የማላልፈው አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሐምሌ ተመርቆ ሲከፈት ለሚገቡ ባለሀብቶች ማበረታቻ ተሰጥቷል። ለዓመታት ከትርፍ ግብር ነፃ መሆን አለ፣ ማሽን ያለ ቀረጥ ማስገባት አለ። ባለሀብት ለመሳብ ይህ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሥራ የሚፈልግ ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። ግን እዚያው ፋብሪካ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ የምትውለው ልጅ የግብር እረፍት አልተሰጣትም። በድሮው ሠንጠረዥ ደመወዟ 1,500 ብር ቢሆን እንኳ 90 ብር ይቆረጥባት ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝም የለም። ለፋብሪካው ለዓመታት መታገስ የሚችል መንግሥት ለልጅቷ አንድ ዓመት መታገስ እንዴት ያቅተዋል?

ወደ ነጋዴው ልምጣ። ነጋዴ ሁሉ ግብር ይሰውራል የሚለውን ወሬ አልወደውም። ደሴ ውስጥ ነጋዴ ማለት ፒያሳ ፎቅ የሠራው ብቻ አይደለም። ሰኞ ገበያ ዙሪያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ብስኩት የሚሸጠውም ነጋዴ ነው። በጥቅምት 2014 ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ስንት ሱቅ ተዘረፈ። ብዙዎቹ የተነሱት በዘመድ ብድርና በእቁብ ነው። አንዳንዱ ዕዳውን ገና እየከፈለ ነው።

በአዲሱ አዋጅ የዓመት ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ የሚከፍለው ከሽያጩ ላይ በሚሰላ ቁርጥ ግብር ነው። መዝገብ ያዝ ብሎ ከማስጨነቅ ይሻላል። ነገር ግን ሽያጭ ትርፍ አይደለም። ዕዳም አያውቅም። ዋጋ በናረ ቁጥር ሽያጩ በብር ያድጋል፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን ይቀንሳል። ነጋዴው እየደኸየ እርከኑ ከፍ ይላል። ሽያጩን የሚገምተው ኮሚቴ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ የነበረውን ቁጣ የረሳ የለም። ሰው የተቆጣው መክፈሉን ጠልቶ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚነግረው አጥቶ ነው።

ከፍ ያለውም ነጋዴ ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። አዲሱ ዝቅተኛ አማራጭ ግብር፣ መደበኛው ግብር ከእሱ ካነሰ በምትኩ የሚከፈለው፣ ከዓመት ሽያጭ 2.5 በመቶ ነው። ዓመት በዓመት ኪሳራ ላይ ነኝ እያለ ፎቅ የሚሠራውን ለመያዝ የታሰበ ይመስለኛል፣ ሐሳቡም ልክ ነው። አንድ የዱቄትና የዘይት አከፋፋይ ድርጅት ግን በምሳሌ እንውሰድ። 10 ሚሊዮን ብር ሸጠ፣ ያተረፈው 300,000 ነው እንበል። በመደበኛው 90,000 ይከፍል ነበር። በአማራጩ 250,000 ይከፍላል። የሚተርፈው 50,000 ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል? ዋጋው ላይ ይጨምራል። ጭማሪውን የምትከፍለው ያቺው የ4,880 ብሯ ሴት ናት።

ቫትም እንደዚሁ ነው። ድሃ ከሰፈር ሱቅ ያለ ደረሰኝ ስለሚገዛ ቫት አይከፍልም የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም። ሳሙናው ከጂቡቲ በሚሌ በኩል ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ቀረጡም ቫቱም ይከፈልበታል። አገር ውስጥ ከተመረተም ፋብሪካው በር ላይ 15 በመቶው ተደምሯል። ባለ ሱቁ ደረሰኝ ባይቆርጥም ዋጋው ውስጥ አለ። ብሩ ሲወድቅ ደግሞ የቀረጡ መጣኔ ሳይነካ የሚከፈለው ብር አብሮ ወጣ፤ ቀረጥ የሚሰላው በዕለቱ ምንዛሪ ነውና። ጤፍና ስንዴ ከቫት ነፃ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰው በእህል ብቻ አይኖርም። የሚያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሰው ከገቢው የሚከፍለው የቫት ድርሻ፣ ግማሹን ባንክ አስቀምጦ በቀረው መሬት ከሚገዛው ይበልጣል።

መንግሥት ገንዘብ ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር ይገባኛል። ባለፉት ዓመታት የሚሰበሰበው ታክስ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 7 በመቶ አካባቢ ነው፣ በጣም ትንሽ ነው። በሐምሌ 2016 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተደረሰው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነትም ገቢ ከፍ ይበል ይላል። የተዘረፈውን ሆስፒታላችንን ማደስ፣ የፈረሰ መንገድ መሥራት በነፃ አይመጣም። ነገር ግን ያ ጉድለት ከጽዳት ሠራተኛ 700 ብር ተለቅሞ አይሞላም። የሚሞላው ከሕንፃ፣ ከመሬት፣ ከትልልቅ ኪራይና ጊዜው ካለፈ ማበረታቻ ነው። በ2017 የወጣው የንብረት ግብር አዋጅ ወደዚያ የሚያይ በመሆኑ ደግፌዋለሁ። ደሴ ላይ ሲተገበር ግን ጡረተኛው የሚኖርባት የጭቃ ቤትና ፒያሳ ያለው ባለ ብዙ ፎቅ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም።

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ቢያንስ መንግሥት ራሱ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር እኩል ይሁን። 6,000 ይባል። ከዚያ በየዓመቱ በጀት ሲጸድቅ ከዋጋ ንረቱ ጋር አብሮ ይስተካከል፤ ዘጠኝ ዓመት አይጠበቅ። የሚጎድለው እንዲካካስ ከ14,000 በላይ ያለው ሁሉ በአንድ ጎራ መታጎሩ ይቅርና ለትልልቆቹ ደመወዞች ሌላ እርከን ይጨመር። ቁርጥ ግብር የሚጣልበት ነጋዴም ግምቱ በምን እንደተሠራ የሚያስረዳ ወረቀት ይሰጠው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቅሬታ ለማቅረብ 21 ቀን ይሰጣል፤ ይግባኝ ለማለት ግን የተከራከሩበትን ግብር ግማሽ አስቀድሞ መክፈል ይጠይቃል። ይህ ግማሽ ለአነስተኛ ነጋዴ ይነሳለት። ሱቁን ሸጦ ካልሆነ በቀር ከየት ያመጣዋል?